ደረቅ ምድር፣ ለምለም ባሕር
(ስለ ዳህላክ ደሴቶችና ስለ ባሕር ጉብኝት ሥርዓት በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ዓለም ገና የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ባሕር ጉብኝት እንድናገር ስጋበዝ፣ «ወደብ በሌለው አገር ስለ ባሕር መናገር ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሊነሣ እንደሚችል ገምቼአለሁ። የተሰበሰብንባት ዓለም ገና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የጅማውና የቡታጅራው መንገድ የሚለያዩባት የደጋ ከተማ ናት። የጨው ውኃ ሽታ እዚህ አይደርስም። ሆኖም ጎረቤቷ ሰበታ የአገራችን የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል መቀመጫ መሆኗን ስናስታውስ፣ የውኃን ጠባይ ማጥናት የባሕር ዳር ሰው ብቻ ተግባር አለመሆኑን እንረዳለን።

ርእሱን የተቀበልሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የአስጎብኚነት ሙያ በአገር ድንበር የማይታጠር መሆኑ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዕረፍቱ ወደ ዛንዚባር፣ ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲሄድ አስቀድሞ ምክር የሚጠይቀው እኛን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። ቀይ ባሕርና በውስጡ ያሉት ደረቅ ደሴቶች፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት በምን እንደሚጠበቅና በምን እንደሚጠፋ የሚያስተምሩ ናቸው። ትምህርቱም ከዚህ ተነሥተን በየሳምንቱ እንግዳ ለምንወስድባቸው ሐይቆቻችን በቀጥታ ይጠቅማል።

የዳህላክ ምድር

የዳህላክ ደሴቶች ከምጽዋ በስተ ምሥራቅ በቀይ ባሕር ላይ የተበተኑ ከመቶ ሃያ በላይ ደሴቶች ናቸው። ታላቁ ዳህላክ ከቢር ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ደሴቶች ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በመካከላችን ያላችሁ አረጋውያን ምጽዋንና የጉርጉሱምን አሸዋ በአካል ታውቃላችሁ። ወጣቶቹ ግን ዳህላክን የምታውቁት አባቶቻችሁ ከሚናገሩት፣ ወይም ስሙን ከተሸከመው የሙዚቃ ባንድ ይሆናል። ደሴቶቹ የኤርትራ ነጻነት በ1985 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ የኤርትራ ግዛት ናቸው። የአዲስ አበባና የአስመራ የአውሮፕላን በረራችን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደገና ተጀምሮ፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መልሶ ተቋርጧል። እንግዲህ ስለ ዳህላክ የምናገረው እንደ ባለ ርስት ሳይሆን፣ እንደ ጎረቤትና እንደ ባለሙያ ነው።

ከምጽዋ በጀልባ የሚነሣ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ያስደንቀዋል ለማለት ያስቸግራል። ከጥቂቶቹ በቀር፣ ለምሳሌ ተራራማ ከሆነችው ከድሰይ በቀር፣ ደሴቶቹ ዝቅ ያሉና ለጥ ያሉ፣ በጥንት ዘመን ከባሕር ብቅ ካለ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ዛፍ እምብዛም የለም። የሚፈስ ውኃ ፈጽሞ የለም። ዝናብ ጥቂት ነው፤ እርሱም የሚጥለው እንደ እኛ በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን፣ በበጋችን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በክረምታችን ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። አገራችን ለዓለም ያስተዋወቀችው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ፣ በደጋ ላይ ፀጋ ሲሆን፣ በዳህላክ ላይ ፈተና ነው።

በዚህ ምድር ላይ ሰው የኖረው በጥበብ ነው። በዳህላክ ከቢር ሰዎች የኮራሉን ድንጋይ እየፈለፈሉ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ሠርተዋል። የአገሬው ትውፊት ቁጥራቸው 365 ነበር፣ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጉድጓድ ነበር ይላል። ቁጥሩ የትውፊት ቁጥር ነው፤ ጉድጓዶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። በአጠገባቸው በጥንታዊ የዐረብ ኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ይገኛሉ። እነዚህም በመካከለኛው ዘመን በዚያ የነበረው ሱልጣኔት ከንግድ ያገኘውን ብልጽግና ይመሰክራሉ።

ደረቅነት የሚሰጠው

አሁን ዋና ወደሆነው ነጥብ ልምጣ። ጎብኚው ፊቱን በመነጽር ሸፍኖ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ይዞ፣ ራሱን ወደ ውኃው ዝቅ ባደረገ ጊዜ የሚያየው፣ ከላይ ካየው ምድር ጋር የማይመሳሰል ዓለም ነው። ከላይ አንድ ቅጠል በሌለበት፣ ከታች ቀይ፣ ሐምራዊና ቢጫ የሆነ ደን የሚመስል ነገር ይታያል። በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ በሌላ ባሕር የማይገኙ ብዙዎች ናቸው።

ሁለቱ የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም፤ የባሕሩ ልምላሜ አንዱ ምክንያት የምድሩ ድርቀት ነውና። ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በማኅበር ሆነው የሚገነቡት ቤት ነው። እንስሳቱ በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ። ስለዚህ ኮራል ብርሃን የሚያስገባ፣ ጭቃ የሌለበት፣ ጨዋማ ውኃ ይፈልጋል። ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት ስፍራ ደለሉ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ኮራል አይለመልምም። ወደ ቀይ ባሕር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባም። ነገሩን በቅርባችን ለመረዳት የምትፈልጉ ላንጋኖን አስቡ። ላንጋኖ ለዋና የተመሰገነ ሐይቅ ቢሆንም፣ ውኃው ረቂቅ ደለል ስለተንሳፈፈበት ቡናማ ነው፤ መነጽር ያጠለቀ ሰው የገዛ እጁን እንኳ አጥርቶ አያይም።

እዚህ ላይ ለሙያችን የሚገባውን እውነት መጨመር ይኖርብኛል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ውኃ ለዓሣ የሚሆን ምግብ ይዞ ስለሚመጣና በዳህላክ ዙሪያ ባሕሩ ጥልቀት ስለሌለው፣ በዚያ ያለው ውኃ እንደ ሰሜኑ፣ እንደ ግብፅ ዳርቻ የጠራ አይደለም። በአንጻሩ ዓሣው ብዙ ነው፤ የባሕር ኤሊና የባሕር ላም የምትባለው ሣር በል አውሬም ይኖሩበታል። ለእንግዳው የመስታወት ጥራት ቃል ገብቶ የወሰደ አስጎብኚ ያፍራል። «ውኃው ጥቂት ይደፈርሳል፣ ነገር ግን ሕይወት የበዛበት ነው» ብሎ የወሰደ ግን ይመሰገናል።

ነጩ አሸዋም ቢሆን ታሪክ አለው። በቀቀን ዓሣ የሚባለው፣ አፉ እንደ በቀቀን መንቁር የጠነከረው ዓሣ፣ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥ ኮራሉንም አብሮ ይፈጫል፤ ምግቡን ከወሰደ በኋላ የቀረውን ነጭ ዱቄት አድርጎ ይጥለዋል። በኮራል ደሴቶች ዳርቻ እንግዳ ፎጣ ዘርግቶ የሚተኛበት አሸዋ በከፊል የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። ዓሣው ተጠምዶ ካለቀ አሸዋውም ይቀንሳል ማለት ነው።

ከመዝናኛ በፊት የነበረ መጥለቅ

ወደነዚህ ደሴቶች የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች ለደስታ አልመጡም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ፣ ዓሣ በሎች ከእነዚህ ደሴቶች የኤሊ ቅርፊት እያመጡ በአዱሊስ ይሸጡ እንደነበር ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ የዳህላክ ስም ከሉል ጋር ተያይዞ ኖሯል። ጠላቂው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ፣ ትንፋሹን ብቻ ይዞ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ይህ ሙያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቆይቶ፣ የጃፓን እርባታ ሉል ገበያውን በያዘ ጊዜ ተዳከመ።

ደሴቶቹ የግዞት ስፍራም ነበሩ። በ8ኛው መቶ ዓመት የኡመያ ከሊፋዎች የተቆጧቸውን ሰዎች ወደ ዳህላክ ይልኩ ነበር፤ ከተላኩት አንዱ የመዲናው ባለቅኔ አል አሕዋስ ነው። ኢጣልያም በኖክራ ደሴት ላይ ያቋቋመችው እስር ቤት እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። በዚያ የታሰሩትን ሰዎች ለማሠቃየት ፀሐዩና ጥማቱ ብቻ ይበቁ ነበር። በዘመነ ደርግ ይኸው ኖክራ የሶቪየት ኅብረት የባሕር ኃይል መርከቦች ጣቢያ ሆነ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። አስጎብኚ የባሕሩን ውበት ብቻ ተናግሮ ይህን ቢያልፍ፣ እንግዳው መልክን አይቶ ነፍስን ሳያይ ይመለሳል።

ለዕይታና ለጥናት የተደረገው መጥለቅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1945 ዓ.ም.፣ ብሩኖ ቫይላቲ የመራው የኢጣልያ ቡድን ወደ ዳህላክ መጥቶ በባሕር ውስጥ ጥናትና ቀረጻ አካሄደ። በቡድኑ ውስጥ የነበረው ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ባለ ቀለም ፊልም በ1954 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከባሕር በታች ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ባለ ቀለም ፊልሞችም አንዱ ሆነ። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእስራኤል ሊቃውንት በደሴቶቹ ዙሪያ ያሉትን ፍጥረታት አጠኑ። የዓለም ሕዝብ የባሕርን ውስጥ በዓይኑ ማየት በጀመረበት ዘመን፣ ዳህላክ ከመጀመሪያዎቹ መስኮቶች አንዱ ነበረች።

የጠላቂው ሥርዓት

የባሕር ጉብኝት ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በዳርቻው መዋኘት ነው። ሁለተኛው በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ገጽ ሳይርቁ መመልከት ነው፤ ለዳህላክ ዓይነት ጥልቀት ለሌለው ባሕር ይህ ለብዙ ሰው ይበቃል። ሦስተኛው የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ነው። ሦስተኛው ትምህርትና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰውም ከ40 ሜትር በታች እንዳይወርድ ይመከራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የውኃው ግፊት በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን የሞላ ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ፣ ያ አየር እጥፍ ለመሆን ስለሚፈልግ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚል ነው። ሁለተኛው ሕግ በዝግታ መውጣት ነው። በግፊቱ ምክንያት ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን ጊዜ ካላገኘ፣ እንደ ተከፈተ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በሰውነት ውስጥ አረፋ ያወጣል፤ ይህም መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል።

እኛ ደገኞች ልንረሳው የማይገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ከፍታ የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ነገር ግን ለዚህ አውሮፕላን አያስፈልግም። ከምጽዋ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ከባሕር ወለል ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ያወጣል። ጠዋት ጠልቆ ማታ በመኪና ደጋ የሚወጣ እንግዳ አደጋው ያው ነው። ከጅቡቲ ዳርቻ ጠልቆ በማግሥቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚበርም እንዲሁ። ስለዚህ የጉዞ መርሐ ግብር ስታዘጋጁ የመጨረሻውን ቀን ለአሸዋው፣ ለከተማውና ለገበያው ተዉት። ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሰው ሕይወት የሚያድን ምክር ነው።

የቀረው ሥርዓት ለባሕሩ ሲባል የሚደረግ ነው። ኮራል አይነካም፣ አይረገጥም፣ አይሰበርም፤ ድፍን የሆነው ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ርግጫ የሚሰብረው የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። በእግር መቅዘፊያ አሸዋ አይቦነንም። ከሁሉም የሚከፋው የጀልባ መልሕቅ ነው፤ በየቀኑ በአንድ ስፍራ የሚጣል መልሕቅ ያን ስፍራ ፍርስራሽ ያደርገዋል።

የቦኔር ምሳሌ

በካሪቢያን ባሕር፣ ከቬኔዝዌላ ዳርቻ በስተ ሰሜን፣ ቦኔር የምትባል የኔዘርላንድስ ደሴት አለች። ዝናቧ ጥቂት፣ ምድሯ ቁልቋል የበዛበት፣ በሜዳዋ ባለቤት የሌላቸው አህዮች የሚንጋጉባት ናት። እንደ ዳህላክ ሉል ሳይሆን ጨው ስታወጣ ኖራለች፤ ሥራውንም ባሮች ይሠሩ ነበር። በ1850 እ.ኤ.አ. ለእነርሱ የተሠሩት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ብቻ የሚገባባቸው የድንጋይ ጎጆዎች ዛሬም በባሕሩ ዳር ቆመዋል። ሁለቱ ደሴቶች በዓለም ሁለት ማዕዘን ያሉ እኅትማማቾች ይመስላሉ።

ልዩነታቸው ከዚህ በኋላ ነው። ቦኔር በ1961 እ.ኤ.አ. የባሕር ኤሊዎችን በሕግ መጠበቅ ጀመረች። በ1971 በጦር ዓሣ መውጋትን ከለከለች። በ1979 ደሴቲቱን የሚከብበው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ፓርክ ሆነ። በመልሕቅ ምትክ ጀልባዎች በተንሳፋፊ ማሠሪያ እንዲታሰሩ ተደረገ። ሆኖም ነገሩ በአዋጅ ብቻ አልተፈጸመም። የመጀመሪያው የእርዳታ ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ፓርኩ ለተወሰኑ ዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። የዳነው በ1991 እንደገና ተደራጅቶ፣ በ1992 እያንዳንዱ ጠላቂ በዓመት 10 ዶላር እንዲከፍል ሲደረግ ነው። እንግዶቹ ገንዘቡ ለባሕሩ እንደሚውል ስላወቁ በፈቃደኝነት ከፈሉ። ክፍያውም በኋላ እየጨመረ ሄዷል።

ይህ ማለት ቦኔር ከአደጋ አምልጣለች ማለት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የባሕሩ ሙቀት ከልክ በማለፉ ኮራሎቿ ነጡ፤ በዚያው ዓመት ኮራልን በፍጥነት የሚገድል በሽታም ደረሰባት። ሥርዓት ሁሉን አያድንም። ነገር ግን በሽታው ሲገባ የሚያውቁ ጠባቂዎች፣ የተመዘገበ ማስረጃና ለሥራው የሚሆን ገንዘብ ነበራት።

የዳህላክ ኮራል ግን በአብዛኛው የተረፈው ሌላ ምክንያት ኖሮት ነው። ጦርነት፣ የጦር ሠፈርና የመንገድ መዘጋት ጎብኚውን አራቁት፤ ባሕሩም አረፈ። ይህ በረከት መስሎ ይታያል። ነገር ግን በሰው መቅረት የተጠበቀ ነገር፣ ሰው በመጣ ዕለት ጠባቂ የለውም። በሥርዓት የተጠበቀ ነገር ግን ሰው ሲመጣ ይበረታል። ዛሬ ለእናንተ ላስረዳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

የእኛ ፈንታ

የእኛንም ውኃ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። አብጃታ በፍላሚንጎ የታወቀ ሐይቅ ነበር፤ በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ይብራዎችም ወደ አብጃታ እየበረሩ ዓሣ ይመገቡ ነበር። ለሶዳ አሽ ማምረቻ የሚቀዳው ውኃና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ የሚጠለፈው ተደምሮ ሐይቁን አሽሽቶታል፤ ዓሣውም ጠፍቷል። ስፍራው የብሔራዊ ፓርክ ስም ነበረው፤ ስም ብቻውን ግን ውኃ አልያዘም። አለማያም ከዚህ በፊት እስከ መድረቅ ደርሶ አይተናል።

ገና ጊዜ ያለው ሐይቅ ደግሞ ወንጪ ነው። ከዚህ ከዓለም ገና በጅማ መንገድ ወሊሶ ደርሶ ወደ ቀኝ ለሚወጣ ሰው ቅርብ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ማረፊያና ለመንገድ ብዙ ተሠርቷል። እንግዳው እየበዛ ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ ከእንግዳው ቀድሞ ይደርሳል ወይስ ኋላ ይከተላል? አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት እንዲህ ላለው ሰዓት ነው።

ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ሐይቅ እንግዳ የሚወስድ አባል ሁሉ ስለ ውኃ አደጋና ስለ ከፍታ ያቀረብሁትን ዓይነት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ። ሁለተኛ፣ በየሐይቁ ስለ ጀልባ ብዛት፣ ስለ ሞተር ዘይት፣ በዳርቻው ስለ ልብስና ስለ መኪና ማጠብ፣ ስለ ቆሻሻም ራሳችን የምንገዛበት ደንብ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ተመካክረን እንድናወጣ፤ መንግሥት እስኪያዘን መጠበቅ አያስፈልገንም። ሦስተኛ፣ ከእንግዳው ለውኃው ተብሎ የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለ፣ ለውኃው መዋሉ በግልጽ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲነገር። ቦኔር ላይ እንግዳው በፈቃዱ የከፈለው ሒሳቡን ስላወቀ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አንድ ቀን የአስመራ መንገድ ሲከፈት ወደ ዳህላክ እንግዳ ይዘን የምንሄድ እኛ እንሆናለን። የጎረቤታችንን ባሕር በክብር ለመጎብኘት የሚበቃው የራሱን ሐይቅ ጠብቆ የተገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከዛሬ ጀምረን በወንጪና በላንጋኖ እንለማመደው።